የአዛውንት ወላጆቻችሁን ወረቀት ዛሬ አስተካክሉ፦ ለእናቴ የሚገባትን ስናስከብር የተማርነው

አባቴ ካረፈ በኋላ ለእናቴ የሚገባትን ለማስከበር ብዙ ደጅ ጠንተናል። ያኔ አንድ ያለፈበት ሰው ቁጭ ብሎ «በዚህ ጀምሩ፣ ይህን አትርሱ» ቢለን ኖሮ ግማሹ እንግልት ይቀርልን ነበር። ይህን የምጽፈው በዕድሜ የገፉ ወላጆች፣ አያቶች ወይም ብቻቸውን የቀሩ ጎረቤቶች ላሏችሁ ነው። እኛ ደቡብ ወሎ ነን፤ እናቴ ተሁለደሬ ወረዳ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ትኖራለች፣ እኔ ደሴ ነኝ። ሌላ ቦታ ላላችሁም አብዛኛው ነገር ያው ነው።

«ለአዛውንት ምን ነፃ ነገር አለ?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ናቸው ተብሎ ወንበር ይለቀቃል፣ ዕቃ ይያዝላቸዋል፤ በየሱቁና በየመኪናው ሂሳብ የሚቀነስበት ልማድ ግን እምብዛም የለም። በሕግና በመመሪያ የተቀመጠ ጥቅም ግን አለ። ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ያዛል። በተግባር ደግሞ የጡረታ ተተኪዎች አበል፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ ነፃ የዐይን ሕክምና፣ ከሴፍቲኔት የሚሰጥ ቀጥታ ድጋፍ፣ ለድሀ ደግሞ ያለ ዳኝነት ክፍያ መክሰስ አለ። ሁሉም በር ላይ የሚጠብቃችሁ ጥያቄ ግን አንድ ዓይነት ነው፦ ስማቸው ማን ነው? ዕድሜያቸው ስንት ነው? ማስረጃው የታል? እኛን ያደከመን ድጋፉ አልነበረም፤ ይህን ጥያቄ መመለስ ነበር።

አባቴ የመንግሥት ትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኖ ኖሮ በጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሲሞት የቅሬው፣ ማለትም የዕድሩ፣ ሰው ድንኳኑን ተከለ፣ ቀብሩንም ሐዘኑንም ጎረቤቱ ከእኛ ጋር ሆኖ አሳለፈልን፤ አላህ ውለታቸውን ይክፈላቸው። ሰው ሲበተን እናቴ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «አሁን የአባትሽ ደመወዝ ይቆማል?» የሚል ነበር። ጡረታውን ደመወዝ ነው የምትለው። እኔም መልሱን በወጉ አላውቅም ነበር።

መልሱ ይህ ነው። ጡረታ ተቀባይ ሲሞት ሚስቱ ወይም ባሏ ሟቹ ያገኝ ከነበረው አበል ግማሹን፣ 50 በመቶውን፣ በተተኪነት ያገኛሉ። አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ልጃቸው ሠራተኛ ሆኖ የሞተባቸውና በእርሱ ይጦሩ የነበሩ ወላጆችም መጠየቅ እንደሚችሉ ነው። ሟቹ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ካልሆነ በግል ድርጅት የሠራ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ፤ የግል ድርጅት ሠራተኞችም የራሳቸው የጡረታ አዋጅ አላቸው። አሁን የሚሠራባቸው ሁለቱ አዋጆች በ2014 ዓ.ም. የወጡት ናቸው፦ ለመንግሥት ሠራተኛ 1267፣ ለግል ድርጅት ሠራተኛ 1268። የሚሄዱበት መሥሪያ ቤት ግን የተለያየ ስለሆነ መጀመሪያ ሟቹ የትኛው ውስጥ እንደነበረ እወቁ።

ማመልከቻ ይዘን ስንሄድ የጠየቁን የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የእናቴ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶና በስሟ የተከፈተ የባንክ ደብተር ነው። የሞት ምስክር ወረቀት ከቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ይገኛል። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ሐዘን ላይ ሆናችሁ ይህ ትዝ ስለማይላችሁ ከዘመድ አንድ ሰው ኃላፊነት ስጡት። ቀኑ ካለፈ ምዝገባው ባይቀርም ደጅ ጥናቱ ይበዛል።

እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ። ሟቹ የኤቲኤም ካርድ ካለው ካርዱን አስቀምጡት። በእኛ ሰፈር አንድ ቤተሰብ አባታቸው ከሞቱ በኋላ ጡረታው ሲገባ እያወጡ ለእናታቸው አስቤዛ ያደርጉት ነበር። ክፋት አስበው አይደለም። በኋላ ግን የወጣው ብር ዕዳ ሆኖ መጣና ሴትዮዋ የራሳቸውን አበል ሲጀምሩ ይቆረጥባቸው ጀመር። መሞቱን ቶሎ አሳውቁ፣ የተተኪነት ማመልከቻውን በዚያው አስገቡ።

እኛን ወገብ ያስያዘን የስሟ ነገር ነው። እናቴ ስትዳር አማቷ ሌላ ስም አውጥተውላታል፤ ያኔ እንደዚያ ነበር ወጉ። አባቴ ሥራ ሲቀጠር በሞላው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ ሚስት ብሎ ያስመዘገበው የልጅነት ስሟን ነው። መታወቂያዋ ላይ ያለው ግን አማቷ ያወጡላት ስም ነው። ፋይሉን የያዘው ሠራተኛ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ አየና «እነዚህ ሁለት ሴቶች ናቸው» አለን። እማ አጠገቤ ቆማ፣ ነጠላዋን አገጯ ድረስ ጠቅልላ፣ ዝም ብላ ትሰማዋለች። ከዚያ ሰው ጋር ግማሽ ምዕት ዓመት ኖራ፣ ወልዳ፣ ቀብራው መጥታ «ሌላ ሴት ነሽ» ስትባል ማየት ቀላል አይደለም። ሠራተኛውን አልቀየምኩትም፣ እርሱ ያለው ወረቀቱን ነው። ያዘንኩት አባቴ በሕይወት እያለ አንድ ቀን አብረው ቀርበው ሊያስተካክሉት ይችሉ የነበረ ነገር በመሆኑ ነው።

የጋብቻ ወረቀትም አልነበረንም። ኒካሃቸው የታሰረው ከአብዮቱ በፊት ነው፤ ያሰሩት ሸህም፣ የተቀመጡት ሽማግሌዎችም አብዛኞቹ የሉም። ቤት ውስጥ የነበረው ወረቀት ደግሞ በ2014 ጦርነቱ ሐይቅና ደሴ ሲደርስ ሸሽተን ስንመለስ ሣጥኑ ተገልብጦ፣ ግማሹ ተቀዶ፣ ግማሹ ዝናብ መትቶት ነው የጠበቀን። ወሎ ውስጥ እንዲህ የሆነበት ቤት ብዙ ነው።

መፍትሔው ፍርድ ቤት ነበር። ባልና ሚስት ሆነው ለመኖራቸውና በሁለቱም ስም የምትጠራው አንዲት ሴት ለመሆኗ ምስክር አቅርበን ውሳኔ ተሰጠን። እኛ የሄድነው ሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ይህንኑ በመደበኛው ፍርድ ቤት ያስጨርሳሉ። ምስክር ስትመርጡ በዕድሜ የገፋውን ብቻ አትዩ፤ ሁለቱንም ስም የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። ለእኛ ነገሩን የፈታው የአባቴ እህት ነች፤ «ስትመጣ በዚህ ስም መጣች፣ እናታችን ይህን ስም አወጣችላት» ብላ ዳኛው ፊት እንደ ትናንት ዘረዘረችው። አክስቴ ዕድሜዋ ከሰማንያ አልፏል። ጥቂት ዓመት ብንዘገይ ማን ይመሰክር ነበር?

የዳኝነትና የጠበቃ ነገር የሚያስፈራችሁ ካላችሁ፣ አቅም የሌለው ሰው በድሀ ደንብ ያለ ዳኝነት ክፍያ መክሰስ እንደሚችል በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ተደንግጓል። ለዚህ ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ ይጻፋል። ማመልከቻ የሚጽፍ ለሌላችሁ ደግሞ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ አረጋውያንን ቅድሚያ ሲሰጧቸው አይቻለሁ። በር ላይ ቆሞ «እኔ አስጨርስልሃለሁ» የሚል ደላላ ግን እለፉት። ከእኛ ጋር ወረፋ የያዙ አንዲት እናት ለቅጽ ብለው ከፍለዋል፤ ቅጹ ውስጥ በነፃ ነው የሚሰጠው።

ዕድሜም እንደዚሁ ነው። የእናቴ የቀበሌ መታወቂያ 1960 ተወለደች ይል ነበር። ማን እንደጻፈው፣ ምን አስቦ እንደጻፈው አይታወቅም። በ66ቱ ድርቅ ጊዜ እኮ እናቴ ታላቅ ወንድሜን አዝላ ነበር! በወረቀቱ ከሄድን ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ዛሬም ገና ስድሳ አልሞላትም፣ አረጋዊትም አትባልም። ስለዚህ የወላጆቻችሁን ዕድሜ በዓመተ ምሕረት አትጠይቋቸው። «በ66ቱ ድርቅ ምን ታክያለሽ? በ77ስ ስንት ልጅ ነበረሽ? መሬት ሲከፋፈል የት ነበራችሁ?» በሏቸው። ከዚያ ቀበሌ ስትሄዱ የታላቁን ልጅ የትምህርት ቤት ወይም የልደት ማስረጃ አያይዙ፤ እናት ከልጇ በስንት ዓመት እንደምትበልጥ ማንም ይገባዋል።

ፋይዳ ከመመዝገባችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። ፋይዳ በነፃ ነው፣ ባንኩም ሌላውም አሁን እርሱን ይጠይቃል፤ ስሙና ዕድሜው አንዴ በስህተት ከገባ ማሳረሙ ሌላ ውጣ ውረድ ነው። የእኛን ምዝገባ መቼም አልረሳውም። የእማ ጣቶች ዕድሜ ልክ ማጭድ ይዘው፣ እንጀራ ጋግረው፣ አሻራቸው ጠፍቷል። መመዝገቢያው መስታወት ላይ ስታስቀምጠው ማሽኑ ይጮሃል። የሚመዘግባት ልጅ ትዕግሥተኛ ነው፤ ጨርቅ በውኃ አርሶ ጣቶቿን አንድ በአንድ እየጠረገ፣ በራሱ እጅ ጫን እያደረገ «አብሽሪ እማማ፣ ይሄኛው ይይዛል» ይላታል። ከዚያ ዐይኗን ሊያነሳ መሣሪያውን ሲያስጠጋ ወዴት እንደምታይ አጣች። «ወደ መብራቱ ይዩ» ይላታል፣ እርሷ ወደ ድምፁ ትዞራለች። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና ቀስ ብሎ «እማማ ዐይናቸውን ሞራ ሳይሸፍነው አልቀረም፣ አሳይታችኋቸዋል?» አለኝ።

አላሳየናትም ነበር። ቤት ውስጥ ሁሉን በእጇ ታውቀዋለች፤ ቡናውን ትቀዳለች፣ ሲኒ አትሰብርም። እኛም እርጅና ነው ብለን ነበር፣ እርሷም ለማንም አልነገረችም።

ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዐይንና በቆዳ ሕክምና ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ወስደን ስናሳያት የሁለቱም ዐይን የሞራ ግርዶሽ ነው ተባለ። ይህ ሕመም በጠብታ አይድንም፤ በቀዶ ሕክምና ሞራው ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። የሚደነዝዘው ዐይን ብቻ ነው፣ ሙሉ ማደንዘዣ የለውም፣ ሥራውም ረጅም ሰዓት አይወስድም። በዘመቻ ጊዜ ደግሞ ሕክምናው በነፃ ይሰጣል። የዘመቻውን ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ያውቃሉ፤ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያንም ይነገራል። ለጤና ኤክስቴንሽኗ አስቀድማችሁ ስም ብታስይዙ ጥሩ ነው።

ከዘመቻው በፊት ግን ግፊትና ስኳር ካለ እንዲስተካከል አድርጉ። ግፊታቸው ከፍ ብሎ የተመለሱ ብዙ ሰዎች አይተናል፤ ከሩቅ ገጠር በእግር መጥቶ መመለስ ያሳዝናል። «ሞራው እስኪበስል ይጠበቅ» የሚለውን የድሮ አባባል ተዉት፤ እየቆየ በሄደ ቁጥር ሥራው ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ደግሞም የዐይን መድከም ሁሉ ሞራ አይደለም፤ ግላኮማ የሚባለው ያጠፋውን ብርሃን መመለስ አይቻልም፣ ቶሎ ከተያዘ ግን ባለበት ማቆየት ይቻላል። ስለዚህ አሳዩ። የዐይን ፀጉር ወደ ውስጥ ተቀልብሶ የሚወጋቸው፣ በወረንጦ እየነቀሉ የሚኖሩ አዛውንትም አሉን፤ ይህ የትራኮማ ጣጣ ነው፣ ጤና ጣቢያ ድረስ በነፃ ይሠራል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ጊዜ ነው አስታማሚ የሚፈልገው። ጠብታው በሰዓቱ ይደረጋል፣ ዐይን አይታሽም፣ ከጭስ መራቅ ነው፣ ከባድ ነገር አይነሳም፣ ጎንበስ አይባልም። የመጨረሻው ለእማ ከባድ ነበር፤ ሰላቷን ወንበር ላይ ሆና እንድትሰግድ ማሳመን ከቀዶ ሕክምናው በለጠብን። የመስጊዱን ኢማም ለምነን መጥተው «ለታመመ ይፈቀዳል» ብለው ሲነግሯት ነው እሺ ያለችው። ክርስቲያን ወላጆች ላሏችሁ የንስሐ አባታቸውን አስቀድማችሁ ብታናግሩ ከብዙ ክርክር ትድናላችሁ።

በጤና መድን ላይ ተሁለደሬ ፈር ቀዳጅ ናት ማለት ይቻላል። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ እርሷ ነበረች። የዓመቱን መዋጮ የከፈለ አባወራ ወይም እማወራ ከነቤተሰቡ በጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በሪፈር በሆስፒታል ይታከማል። መክፈል ለማይችሉት ደግሞ መንግሥት ይከፍልላቸዋል፤ ለዚህ በቀበሌ በድሀ ድሀነት መለየት ያስፈልጋል። ብቻቸውን የሚኖሩ ብዙ አዛውንት መክፈል አንችልም ብለው ይቀራሉ እንጂ ይህን አይጠይቁም።

ችግር የሚፈጠረው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው እድሳት ነው፤ ብዙ ጊዜ አዝመራ ከገባ በኋላ ባሉት ወራት ይታደሳል፣ ጊዜው ያለፈበት ሰው ደግሞ ሲታመም ነው የሚያስታውሰው። እኛ የእናቴን ደብተር የምናሳድሰው ከወንድሜ ጋር ተነጋግረን በዓመት አንድ ጊዜ በቋሚነት ነው። ሁለተኛው የአባወራው ስም ነው፤ አባቴ ሲሞት ደብተሩ በእርሱ ስም ስለነበር በእማወራነት በስሟ አስቀይረናል። ሦስተኛው ሪፈር ነው። ከጤና ጣቢያ ሳትጀምሩ በቀጥታ ሆስፒታል ብትሄዱ፣ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር፣ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። ሆስፒታሉ ውስጥ መድኃኒት የለም ከተባላችሁም ማዘዣው ላይ ማኅተም አስደርጉ፣ ከውጭ ስትገዙ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ሁለቱንም ይዛችሁ የመድኑን ክፍል ጠይቁ። መነጽር ግን በመድኑ አይሸፈንም፤ ለዚያ ብር መያዝ ነው።

የእማ አበል በመጨረሻ ተፈቅዶ ሲገባ፣ ጎረቤታችን እትዬ አብረውን ደስ አላቸው። ዕድሜያቸው ከእናቴ ይበልጣል፤ ባላቸው ገበሬ ስለነበሩ ጡረታ የለም፣ መሬቱም ለእኩል ተሰጥቶ የሚገባው ጥቂት ነው። በዚያ ቀን ነው ሴፍቲኔት ውስጥ እንደሌሉ የሰማነው። ልማታዊ ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ጉልበት ያለው እየሠራ ይከፈለዋል፣ ጉልበት የሌላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ግን ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ደሴ ከተማ ላላችሁም የከተማው ሴፍቲኔት ይህንኑ ይሰጣል።

እትዬ ያልገቡበት ምክንያት «ልጅ አላቸው፣ ሳዑዲ ነው» ተብሎ ነው። እውነት ነው፣ ልጅ ሄዷል። ከሄደ ወዲህ ግን ድምፁም ብሩም የለም፤ እትዬ ደግሞ ይህን ሰው ፊት መናገር ያፍራሉ። ወሎ ውስጥ ዐረብ አገር ልጅ ያላቸው እናቶች ሁሉ የሚላክላቸው ይመስለናል። እንዲህ ያለ ሰው ካላችሁ የቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ዘንድ በጽሑፍ አቅርቡ። በቃል «ግፍ ተሠራብን» ማለት አይበቃም፤ ልጁ መቼ እንደሄደ፣ ገንዘብ እንደማይልክ፣ ማን እንደሚመሰክር፣ መሬቱን ማን በእኩል እንደያዘው ይጻፍ። ልየታው ሕዝብ በተሰበሰበበት ስለሚነበብ እዚያ ተገኙ፣ ወይ ተነሥቶ የሚናገር ጎረቤት አስቀምጡ። ለእትዬ የተናገረላቸው የቅሬው ዳኛ ነው፤ እርሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

አሁን ስማቸው ገብቷል። ክፍያው ያለበት ቦታ በእግራቸው የሚደረስ ስላልሆነ በውክልና የሚቀበልላቸው ሰው ተመዝግቧል፤ እኛ የመረጥነው የእህታቸውን ልጅ ነው፣ የተቀበለውንም እናቴ ባለችበት ይቆጥርላቸዋል። ተወካይ ስትመርጡ ቅርበቱን ብቻ ሳይሆን የሚቆጥርበትንም ቦታ ተነጋገሩ። ጡረታ ለሚቀበሉ ወላጆች ደግሞ በሕይወት መኖራቸውን ለማረጋገጥ ጥሪ ይመጣል፤ ካልቀረቡ ክፍያው ይቆማል፣ ስለዚህ ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ይኑራቸው። ያላችሁን ወረቀት ሁሉ፣ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ፣ የመድን ደብተሩን፣ መታወቂያውን፣ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ሌላ ከተማ ላለ ልጅ ወይም ዘመድ ላኩ። የእኛ አዲስ አበባ እህቴ ጋ አለ፣ ዋናው ደግሞ በላስቲክ ተጠቅልሎ እማ ጋ ነው።